የሚያፈስ ካቴድራል

ዓርብ ንጋት፤ ባሕር ዳር

ሚኒባሱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይነሳል አሉን። እኔም የዋህ አይደለሁ? አሥር ተኩል ላይ መናኸሪያው በር ላይ ተገኘሁ። ረዳቱ ቦርሳዬን ነጠቀኝና "ግባ ግባ፣ የቀረን አንድ ሰው ብቻ ነው" አለኝ። ገብቼ ዙሪያዬን ስቃኝ ለካ የቀረው ሳይሆን የመጣው አንድ ሰው እኔ ነኝ። መኪናው እስኪሞላ ጎህ ቀደደ፣ ፀሐይ ወጣች፣ ሻይ የምትሸጠዋ ሴት ብርጭቆዎቿን ደጋግማ አጠበች። "ወጣን" ማለት "ልንወጣ አስበናል" ማለት እንደሆነ እስካሁን የማያውቅ ተሳፋሪ ካለ ጥፋቱ የራሱ ነው።

የምሄደው ወደ አዊ ነው፤ እንጅባራ፣ ከዚያም ወጣ ብሎ ወደሚገኝ አንድ የቆየ ቤተ ክርስቲያን። ከቤቴ ያስነሳኝ አንድ ፎቶ ነው። እናንተም ሳታዩት አትቀሩም። ክብ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ከጣሪያው እስከ መሬት ቀጫጭን የብርሃን ዘንጎች ወርደዋል፤ በመካከላቸው አንዲት መነኩሲት ቆመዋል። ከሥሩ "የብርሃኑ ካቴድራል" ይላል። እኔ እስከማውቀው ቦታው የገጠር አጥቢያ ነው፤ ካቴድራል አድርጎ የሾመው ፎቶውን የለጠፈው ልጅ ነው። ዘንድሮ ማዕረግ የሚሰጠው በስልክ ነው።

አስተያየት ሰጪዎቹም አላነሱም። አንዱ ቀዳዳዎቹ የከዋክብትን አቀማመጥ ይከተላሉ ብሎ ጽፏል። ሌላው የለም፣ የጾም መግቢያና መውጫ የሚታይባቸው ናቸው ብሎታል። እኔም ከማን አንሼ! ለጋዜጣዬ አዘጋጅ ደወልኩና "ስለ ጥንት አባቶቻችን የብርሃን ጥበብ ነው፤ ሙሉ ገጽ ያዝልኝ" አልኩት።

እንቅልፍ የነሳኝ ግን ከፎቶው ሥር ያነበብኩት ሌላ ወሬ ነው። የአጥቢያው ሰዎች ይህን ጣሪያ አንስተው አዲስ ቆርቆሮ ሊመቱበት ነው አሉ! ቆርቆሮ! ስለዚህ ጉዞዬ ጉብኝት ብቻ አይደለም። ያን ብርሃን ከቆርቆሮ ላድን ነው የምሄደው። የቤተ ክርስቲያኑንም ሆነ የቀበሌውን ስም አልጽፍም፤ ለምን እንደሆነ እስከ መጨረሻው ያነበበ ይረዳዋል።

ባለቤቴ ሰናይት ከቤት ስወጣ አዲስ ጋቢ ትከሻዬ ላይ ጣል አድርጋልኝ "እንጅባራ ብርድ ነው። ጋቢውን ግን አደራ፤ አንተ ሙያ የለህም" ብላኛለች። በእኛ ቤት ባለሙያ የሚባለው ወጥ አጣፍጦ የሚሠራ፣ እጁ የያዘውን የማያበላሽ ሰው ነው። እኔ በሁለቱም ወድቄያለሁ።

ዓርብ ረፋድ፤ ዳንግላ

መርዓዊን አለፍን፣ ዱርቤቴን አለፍን። በየኬላው እየወረድን መታወቂያ አሳየን፣ እየተሳፈርን ቦታ ተቀማማን። መጀመሪያ መስኮት ዳር ነበርኩ፤ ዳንግላ ስንደርስ ግማሽ መቀመጫ ላይ አንዲት ዶሮ በጉልበቴ ይዤ ነበር። ዶሮዋ የማን እንደሆነች እስካሁን አላውቅም።

ዳንግላ ቁርስ አሉን። ሃምሳው አልወጣምና ዓርብ ዓርብ አይደለም፤ ከየምግብ ቤቱ የሥጋ ሽታ ይጠራል። ጥብስ ፍርፍር አዘዝኩ። ፍርፍሩ መጣ፤ ጥብሱ ግን በስም ብቻ ነው የተገኘው። ሒሳቡ ላይ ሲደርስ ጥብሱም አብሮ ተቆጠረ። ሾፌሩ ከአጠገቤ ተቀምጦ ሻዩን ፉት እያለ የት እንደምሄድና ለምን እንደምሄድ ጠየቀኝ። ስለ ብርሃን ልጽፍ ነው አልኩት።

"ለብርሃን ነው እንጅባራ የምትሄደው?" አለኝ። "ባሕር ዳር መብራት ጠፍቶ ነው?"

ስለ ፎቶው አብራራሁለት፤ አባቶች ብርሃንን እንዴት እንደ ድንጋይ እየጠረቡ ይገነቡ እንደነበርም ነገርኩት። ስለ ጥበብ ስናገር እጄ ይወራጫልና ሻዬን ደፋሁት። ሾፌሩ ጠረጴዛውን በሶፍት ጠርጎ "እሺ፣ እንሂድ" አለኝ። ከዚያ ወዲያ እስከ መንገዱ መጨረሻ ሌላ ጥያቄ አልጠየቀኝም።

ዓርብ እኩለ ቀን፤ አዲስ ቅዳም

ከዳንግላ በኋላ አገሩ ግራር ነው። ጤፍ ይዘራበት የነበረው ማሳ ሁሉ ግራር ተተክሎበታል፤ ግራሩ ከሰል ይሆናል፤ ከሰሉ በጆንያ ተሞልቶ አስፋልት ዳር እንደ ሰልፈኛ ተደርድሯል። አዲስ ቅዳም ላይ አንዲት የከሰል ነጋዴ ተሳፈሩና አጠገቤ ተቀመጡ። ጥፍራቸው ጥቁር፣ የአንገታቸው ወርቅ ቢጫ፣ ድምፃቸው ደግሞ ለሚኒባሱ ሁሉ የሚበቃ ነው። ጋቢዬን ወደ ራሴ ሰበሰብኩ። አይተውኝ ፈገግ አሉ።

ወሬ ጀመርንና የምሄድበትን ነገርኳቸው።

"ያ የሚያፈሰው?" አሉኝ።

"የሚያበራው" ብዬ አረምኳቸው።

"እሱም ያው ነው" አሉና ፊታቸውን ወደ መስኮቱ መለሱ። የተማረ ሰው ትዕግሥት ያስፈልገዋል፤ ታገሥኳቸው።

ዓርብ ከሰዓት፤ እንጅባራ

እንጅባራ የሚቀበላችሁ በጉም ነው። ከሚኒባሱ ስወርድ ሰናይትን አመሰገንኩ፤ ያለ ጋቢው አልቄላችሁ ነበር። መንገዱ ዳር የቀርከሃ ወንበርና አልጋ ተኮልኩሏል። በጎን በኩል አንድ ገበሬ ባማረ ፈረስ ላይ ተቀምጦ በስልክ ስለ ድንች ዘር ይጨቃጨቃል፤ ኔትወርኩ በተቋረጠ ቁጥር ፈረሱን ወደ ከፍታው ያወጣዋል።

ደሳለኝን ያገኘሁት እዚህ ነው። ባጃጅ አለው፤ ከኋላው "ወደ ብርሃኑ" የሚል ለጥፏል። ካሜራዬን ሲያይ ወዴት ብሎ እንኳ አልጠየቀኝም፤ በሩን ከፈተ። ፎቶው ከወጣ ወዲህ ከየከተማው የሚመጣውን ሁሉ የሚያመላልሰው እሱ ነው። ብርሃኑ የሚያምረው ከአምስት እስከ ሰባት ሰዓት ስለሆነ ዛሬ እንደማይሆን፣ ነገ ጠዋት እንደሚወስደኝ፣ ቀጠሮ የማይሰጥ ሌላ ባጃጅ ካገኘሁም እንዳልቀበል አስጠነቀቀኝ። ቆርቆሮ ስለመቀየሩ ስጠይቀው ፊቱ ጠቆረ።

"እንጀራዬን ሊዘጉ ነው እንጂ!" አለ። "ደግነቱ ባለሙያ ካላየው መንካት አይቻልም ተብለዋል። ባለሙያ ደግሞ የት ይመጣል!"

እኔና ደሳለኝ በአንድ ዓላማ ተቃቀፍን ማለት ይቻላል።

ቅዳሜ ጠዋት፤ ቤተ ክርስቲያኑ

በጥርባ በኩል ወጣን። ዛፎቹ መሐል ዘንገና ሐይቅ አንዴ ብልጭ ብሎ ጠፋ። ፎቶ ላነሣ ስል ባጃጁ ጉድጓድ ውስጥ ገባና የገዛ ጉልበቴን አነሣሁ። ከዚያ አስፋልቱ አለቀ፣ ጠጠሩም አለቀ፤ በመጨረሻ ደሳለኝ "ከዚህ በእግር ነው" አለኝ። ቀደም ብሎ ስላልነገረኝ ነገር ሳነሣበት፣ ቀደም ብሎ የነገራቸው ሰዎች እንደማይመጡ አስረዳኝ።

ቤተ ክርስቲያኑ ጽድ፣ ወይራና ኮሶ ከበውታል። ግድግዳው ድንጋይ በጭቃ ነው፤ ክብ፣ ወፍራም፣ ትከሻው ሰፊ። የወይራ ምሰሶዎቹን ስንት ትውልድ ተደግፏቸው እንደ መስታወት ለስልሰዋል። በሮቹ ከአንድ ጽድ የወጡ ሳንቃዎች ናቸው፤ ሲከፈቱ ሰፈሩ ሁሉ ይሰማቸዋል። ጉልላቱ ላይ የሰጎን እንቁላሎቹ አሉ። እንቁላሉ ሥር ያለው ጣሪያ ግን... እንዴት ልበላችሁ፣ ዝጎ ቡናማ የሆነ ቆርቆሮ ነው። ብርሃኑን ላድነው የመጣሁት ከአዲስ ቆርቆሮ እንጂ ከአሮጌው አይደለም ብዬ ራሴን አጽናናሁ።

ጫማዬን አውልቄ ገባሁ።

እዚህ ላይ ቀልድ ይቁም። ጨለማው ውስጥ የብርሃን ዝናብ እየዘነበ ነበር። ከላይ እስከ ታች፣ ከቀኝ እስከ ግራ፣ ሽቦ ሽቦ የሚያህል ብርሃን። ሰሌን ሲራገፍ የተነሳው አቧራ በየዘንጉ ውስጥ ቀስ እያለ ይዞራል። አንዱ ጨረር ከበሮው ላይ፣ አንዱ ምሰሶው ላይ፣ ሌሎቹ በሴቶቹ በኩል ባለው የመቅደስ ግድግዳ ላይ፣ ልጇን ታቅፋ በተሣለችው እመቤታችን ፊት ላይ አርፈዋል። አፌን ከፍቼ አንገቴን ወደ ኋላ ጥዬ ቆምኩ። ደስ አለኝ፤ እንዲሁ በባዶ ሜዳ ልቤ ሞላ።

በዚህ መሐል አንድ ነገር ከላይ ጠብ ብሎ ትከሻዬ ላይ አረፈ። ቢጫ ነው፤ ለስላሳ ነው፤ የማር ሽታ አለው። አዲሱ ጋቢ ላይ! በረከት ነው ብዬ ተጽናናሁ።

ምሰሶው ሥር የቆሙ ቆብ የደፉ መነኩሲት በአዊኛ አንድ ነገር አሉ። የፎቶዋ እናት ናቸው፤ እማሆይ አንጓች ይባላሉ። ከጎናቸው የነበሩት ቄሰ ገበዙ፣ ማለትም የቤተ ክርስቲያኑ ንብረት ጠባቂ፣ አባ ውበቱ "እንኳን ደህና መጣህ እያሉህ ነው" ብለው ተረጎሙልኝ። በኋላ ደሳለኝን ብጠይቀው፣ ያሉት "ሌላ አንገት መጣ" ነው። እዚህ አገር እንደኔ ያለውን ጎብኚ የሚጠሩት አንገት ብለው ኖሯል።

ቅዳሜ ቀትር፤ ትምህርቴን ስሰጥ

አባ ውበቱ ቀጭን፣ ጢማቸው የሾለ፣ ዓይናቸው የሚስቅ ሰው ናቸው። በወጣትነታቸው ጎጃምን በቅኔ ቤት ዞረውታል። ይህን አላወቅሁምና ስለ ብርሃን ማስተማር ጀመርኩ። አባቶች ቀዳዳዎቹን በምን ዓይነት ስሌት እንዳስቀመጧቸው፣ እያንዳንዱ ጨረር ምሥጢር እንዳለው፣ አዲስ ቆርቆሮ መምታት ታሪክን መግደል እንደሆነ አብራራሁላቸው። ቄሰ ገበዙ እጃቸውን አጣምረው እስክጨርስ ሰሙኝ።

"የቱ ቀዳዳ ነው ስሌት ያለው?" አሉኝ።

"ሁሉም" አልኳቸው።

"ያ የሚስማር ቀዳዳ ነው፣ ልጄ።"

ነገሩን ያኔ ዘረገፉልኝ። የሣር ክዳኑ ሲያረጅ ምእመናኑ አቅማቸው የቻለውን፣ ከተፈረሰ መጋዘን የወጣ አሮጌ ቆርቆሮ ገዙ። የመጋዘኑ ሚስማር የበሳው ቀዳዳ እንዳለ ሆኖ፣ ለክቡ ጣሪያ ሲቆረጥና ሲመታ እንደገና ተበሳ። ከሥሩ የነበረው የቀርከሃ ኮርኒስ በስብሶ ወረደ። የከዋክብት አቀማመጥ የተባለው ይኸው ነው።

እማሆይ አንጓች በየቀኑ የጧፍ ርጋፊ ይለቅማሉ። ጠዋት የሚደርስላቸውን ሰው ፈልገው ቀዳዳዎቹን በሰም ያስደፍናሉ። ቀትር ላይ ቆርቆሮው ይግላል፣ ሰሙ ይለሰልስና ይወድቃል፤ አንገቶች ፎቶ ያነሣሉ። ከሰዓት ዝናቡ ይመጣና በዚያው በር ይገባል። ትከሻዬን አየሁ። ቢጫው በረከት ጋቢው ላይ ደርቋል።

"እናንተ ወርቁን ፎቶ ታነሣላችሁ" አሉ አባ ውበቱ፤ "እኛ ሰሙን እንለቅማለን።"

ከዚያ ወደ ሥዕሉ ወሰዱኝ። በብርሃኑ ተደናግጬ ልብ አላልኩትም እንጂ ግድግዳው ከታች ወደ ላይ እየተላጠ ነው። ውሃው ከጣሪያው እየወረደ ግድግዳው ሥር ይተኛል፤ ጭቃው ያብጣል፣ ቀለሙን ይዞ ይረግፋል። የእመቤታችን እግር የለም። አምና በክረምቱ ጉልበቷ ድረስ ሄዷል። ሕፃኑን የታቀፈችበት እጅ ከጉልበቷ አንድ ክንድ አይርቅም።

"መጪው ክረምት ልጁ ላይ ይደርሳል" አሉ። ይህን ሲሉ ዓይናቸው አልሳቀም።

አዲሱ ቆርቆሮስ? እቃ ቤት ውስጥ ነው፤ ሁለት ክረምት አልፎታል። ታቦቱ የሚያርፍበት መቃረቢያም ተሠርቶ አልቋል። ሊጀምሩ ሲሉ ፎቶው ወጣ፤ ፎቶው ሲወጣ ቅርስ ነው ተባለ፤ ቅርስ ነው ሲባል ከአንድ ቢሮ "ባለሙያ መጥቶ ሳያየው እንዳትነኩ" ተባሉ። እሺ አሉ። ባለሙያው አንድ ጊዜ መኪና አጣ፣ አንድ ጊዜ መንገድ ተዘጋ፣ አንድ ጊዜ ሥልጠና ገባ። የምን ሥልጠና ነው ብዬ ጠየቅኩ። የቅርስ ጥበቃ ነው አሉኝ። ላም አለኝ በሰማይ!

ቅዳሜ ከሰዓት፤ ዝናቡ

የአዊ ዝናብ አያስጠነቅቅም። ሰማዩ ጠቆር እንዳለ አባ ውበቱ መሰላሉን ጎተቱ፣ እማሆይ የሰም ቋጠሯቸውን ፈቱ። ልመለስ ብል ደሳለኝ ባጃጁን ሸራ ሊያለብስ ሮጧል። የሚሸሽበት ስላጣ አንገት ሥራ ገባ።

ብርሃኑ በወረደበት ሁሉ ውሃ ይወርድ ጀመር። ሳፋ፣ ድስት፣ ጀሪካን፣ አፉ የተቆረጠ የዘይት ጣሳ፣ በየቦታቸው ተደረደሩ፤ ቦታቸውን ሁሉም ያውቀዋል። ሳፋው ጠብ ይላል፣ ድስቱ ጧ ይላል፣ ጣሳው ይጮኻል። የማሕሌቱ ቦታ የዕቃ ገበያ መሰለ። ሥዕሉ ራስጌ ያሉት ቀዳዳዎች ዕቃ የሚቀመጥባቸው አይደሉም፤ ውሃው በቀጥታ ግድግዳውን ይዞ ነው የሚወርደው። እማሆይ በነጠላቸው ጫፍ ለመግታት ይሞክራሉ። ቁመታቸው አይበቃም።

መሰላሉ ላይ ወጣሁ። ሰሙን በመዳፌ እያሞቅኩ፣ በአውራ ጣቴ እየጠቀጠቅኩ አንዱን ደፈንኩ፣ ሌላውን ደፈንኩ። ውሃው በክንዴ ገብቶ በጉልበቴ ወጣ። የጋቢውን ነገር አታንሡብኝ። ከአንዱ ወደ አንዱ ስል በሴቶቹ በኩል ያለውን ጥግ ጨረስኩት፤ ግድግዳው ላይ የሚወርደው ውሃ ቀጠነ፣ ከዚያ ቆመ። ስወርድ ቄሰ ገበዙ መሰላሉን ይዘው ያዩኛል።

"ባለሙያ ነህ" አሉኝ።

"ባለቤቴ ትስማዎት!"

"እስቲ ንገረኝ፣ ምን አየህ?"

"ምን አያለሁ አባ! ያፈሳል እንጂ።"

"ምን ይሻላል ትላለህ?"

"መቀየር ነዋ! ዛሬ ነገ የማይባል ነገር ነው!"

"አልክ?"

"አልኩ።"

ራሳቸውን ነቀነቁ፣ መሰላሉን አጥፈው ወደ ጥጉ ወሰዱት። መንገዱ ጭቃ ሆኖ ባጃጅ አልወጣ ስላለ እሳቸው ቤት አደርኩ። ባለቤታቸው ድንች በሚጥሚጣ አቅርበው እንግዳ አይደለህም እያሉ አጎረሱኝ።

እሑድ፤ ሹመቴ

ከቅዳሴ በኋላ ምእመናኑ ዛፉ ሥር ተሰበሰቡ። አባ ውበቱ ቡራኬ ሰጥተው፣ ስለ ሰንበቴ ተናግረው፣ ስለ ጠፋች ላም አስታውሰው ሲያበቁ፣ ድምፃቸውን ሳይለውጡ እንዲህ አሉ፦

"ሌላው፣ ባለሙያ መጥቶ አይቶታል። በእጁም ዳስሶታል። መቀየር ነው ብሏል። ነገ በዓል ስላልሆነ ሚስማርና መዶሻ ያለው ይዞ ይምጣ።"

እልልታው ዛፎቹን ነቀነቃቸው። የባለሙያውን ፊት ለማየት እኔም ከሰዉ ጋር አንገቴን አሰገግኩ። ሰዉ ሁሉ የሚያየው ግን እኔን ነው። የገባኝ ያኔ ነው። የሰዉ ግርግር ቀለል ሲል ቄሰ ገበዙን ወደ ጎን ሳብኩና እኔ ጋዜጠኛ እንደሆንኩ፣ ከቢሮው እንዳልተላክሁ፣ ይህ ነገር ሁለታችንንም እንደሚያስጠይቅ ነገርኳቸው።

"ከቢሮ የተላከ አልኩ?" አሉኝ። "ባለሙያ ነው ያልኩት። ትናንት ሙያህን በዓይኔ አላየሁም? ቤተ ክርስቲያን ቆሜ አልዋሽም፣ ልጄ።"

የቅኔ ቤት ሰው እንዲህ ነው። ሰሙ አንድ ነገር ይላችኋል፤ ወርቁን እንደ አቅማችሁ ፈልጉት ነው። አሁን ወጥቼ "ባለሙያ አይደለሁም" ብል ጣሪያው እንዳለ ይቀራል፣ ክረምቱ ይመጣል፣ ውሃው ሕፃኑ ላይ ይደርሳል፤ ፎቶው ግን በጣም ያምራል። ዝም ብል ያ ያፈዘዘኝ ብርሃን ነገ ጠዋት የለም፤ ሙሉ ገጽ ያስያዝኩት እኔም በቢሮው ሰዎች እፈለጋለሁ። እማሆይ አንጓች አጠገቤ መጥተው ያቺን የሰም ቋጠሮ በሁለት እጃቸው እንደያዙ ያዩኛል።

ዝም አይነቅዝም ይላሉ። ዝም አልኩ።

ደሳለኝ ግን ቀኑን ሙሉ አኮረፈኝ። እንጀራዬን ዘጋኸው አለኝ። እውነቱን ነው፤ ምን እላለሁ? ወደ ማታ ላይ፣ ከተማ ወርዶ ሚስማር በባጃጁ የሚያመጣ ማን ነው ሲባል እጁን አወጣ። "ወደ ብርሃኑ" የሚለውን ጽሑፍ በሰዉ ሁሉ ፊት ላጠው፤ ቀሪውን እስኪያነሣው "ወደ" ብቻ ቀርቶ ነበር።

ሰኞ ማለዳ፤ ሰማያዊ

ታቦቱ በዋዜማው መቃረቢያው ገብቷል። ወንዶቹ ጎህ ሳይቀድ ጣሪያው ላይ ናቸው። የመጀመሪያው ቆርቆሮ የተነሣው በሴቶቹ በኩል ካለው ጥግ ነው፤ እኔ የደፈንኩት ሰም እንደተጣበቀበት ወረደ። በጥሩ ሁኔታ ነው የተደፈነው፤ ይህን ለሰናይት እንድትነግሩልኝ እፈልጋለሁ።

ሁለተኛው ተነሣ፣ ሦስተኛው ተነሣ። ሽቦ የሚያህለው ብርሃን የለም። የጠዋት ፀሐይ በሙሉ፣ ማንንም ሳታስፈቅድ ገባች። ግድግዳው ላይ አረፈች።

የእመቤታችንን ልብስ ጥቁር ነው ብዬ አስቤ ነበር። ሁሉም ጥቁር ነው የሚሉት። በዚያ ጨለማና በዚያ ጭረት ጭረት ብርሃን ከዚህ ሌላ አይታይም። አሁን ግን መጎናጸፊያዋ ሰማያዊ ነው፤ ልክ ዝናብ ካባራ በኋላ እንዳለ ሰማይ። ዳር ዳሩ ላይ ሠዓሊው በቀይ ያስገባቸው ትንንሽ አበቦች አሉ። ይህን ሁሉ ዘመን ማንም አላያቸውም።

እማሆይ አንጓች ሥዕሉ ፊት ቆመው አንድ ቃል በአዊኛ አሉ። አባ ውበቱ ሊተረጉሙ አፋቸውን ሲከፍቱ እሳቸው ቀደሟቸውና በአማርኛ፣ ለራሳቸው ያህል ዝቅ ብለው "ሰማያዊ ኖሯል" አሉ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ከሥሯ ቆመዋል። እንባቸው ጉንጫቸው ላይ ሲወርድ አልጠረጉትም። እኔም አለቀስኩ፤ አቧራ ነው ብዬ እንዳላመካኝ አቧራው ያን ቀን ወደ ውጭ ነበር የሚሄደው።

ካሜራዬ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር፤ ማንሣቱ ትዝ ያለኝ ሚኒባስ ውስጥ ነው።

ባሕር ዳር፤ ቤት

አዘጋጁ ሙሉ ገጹን ይዞ ይጠብቀኛል። ብርሃኑስ አለኝ። ጠፋ አልኩት። ማን አጠፋው ሲለኝ ባለሙያ ነው አልኩት። የቤተ ክርስቲያኑን ስም ለምን እንደደበቅኩ አሁን ገብቷችኋል፤ የቢሮው ሰዎችም ጋዜጣ የሚያነቡ ከሆነ በሚቀጥለው ሥልጠናቸው ላይ ያንሡኝ።

ሰናይት ጋቢውን ከትከሻዬ ገፋ መስኮቱ ጋ ወስዳ አየችው። ሰም ለማስለቀቅ ጨርቁ ላይ ወረቀት አድርጎ በካውያ መተኮስ ነው መድኃኒቱ አለችና የኔን ጋዜጣ፣ የኔን ገጽ መርጣ አነጠፈችበት። ጽሑፌ ለመጀመሪያ ጊዜ ለቤቱ ጠቀመ። "ባለሙያ ነው ብለው እኮ በሕዝብ ፊት ተናገሩልኝ" አልኳት። ካውያውን አንስታ አየችኝ፣ ከዚያ የጋቢውን ትከሻ አየችው፤ መተኮሷን ቀጠለች።

በዚህ መሐል ውጭ ያጉረመርም ጀመር። ዝናቡ በአዊ በኩል ነው የሚመጣው። አላስቻለኝም፣ ለአባ ውበቱ ደወልኩ። ኔትወርኩ ሁለት ጊዜ ጣለኝ፤ በሦስተኛው አነሡት።

"ዘነበ እንዴ፣ አባ?" አልኳቸው።

"ዘነበ" አሉ። "ውስጥ ነኝ። ስማ።"

ስልካቸውን ወደ ላይ ያነሡት መሰለኝ። አዲሱ ቆርቆሮ ላይ ዝናቡ እንደ ከበሮ ይወርዳል። ጆሮዬን አስጠግቼ ሳፋውን ጠበቅኩ፤ የለም። ድስቱን ጠበቅኩ፣ ያንን ጯሂ ጣሳ ጠበቅኩ። ሰናይት ሥራዋን አቁማ ታየኛለች።

"ምን ይላሉ?" አለችኝ።

"ምንም አይሉም" አልኳት። "አያፈስም።"